ሁዳዴን የሚጾም ሰው የዓመት እቅዱን ለምን ጥቅምት ላይ ይጥለዋል?

ጳጉሜ ሲገባ ወሬው ሁሉ እቅድ ነው። ስልኩን የከፈተ ሰው "ዘንድሮ እንግሊዝኛ እማራለሁ"፣ "ዘንድሮ ቢያንስ 50 ሺህ ብር እቆጥባለሁ"፣ "ዘንድሮ ስፖርት አልተውም" የሚል ነገር ሳያይ አይውልም። የአነቃቂ ንግግር አዳራሾች ይሞላሉ። አዲስ ማስታወሻ ደብተር ይገዛል። ከዚያ መስቀል ያልፋል፣ ልጆች ትምህርት ይጀምራሉ፣ ጥቅምት በብርዱ ይመጣል። ያኔ ስለ እቅድ የሚያወራ ሰው ይጠፋል።

ቀጥሎ የሚሰማው ወቀሳ ነው። "እኔ ዲሲፕሊን የለኝም"፣ "ወኔዬ ሦስት ቀን አይቆይም"፣ "እኛ ሐበሾች ጀምረን መጨረስ አናውቅም።" ነገሩን ሁሉ የጠባይ ድክመት አድርጎ የማየት ልማድ አለ። ግን ይህን የሚለው ሰው ራሱ 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሳይቀምስ ሁዳዴን ይጾማል። ወይም ረመዳንን ሙሉ ከንጋት እስከ መግሪብ ውሃ ሳይነካ ይውላል። እቁቡንም በየሳምንቱ ሳያዛንፍ ይጥላል። ሰውየው ያው ነው። ታዲያ እዚህ የጸና ሰው እዚያ ለምን ይላላል?

ችግሩ በአብዛኛው እቅዱ የተሠራበት መንገድ ነው። ይህን ለማየት መጀመሪያ ሁላችንም የሰማናትን አንዲት ታሪክ ከመንገድ ማንሳት ያስፈልጋል።

ያልተደረገው ጥናት

ታሪኩ እንዲህ ይነገራል። በሃርቫርድ፣ አንዳንዱ ዬል ይላል፣ ተመራቂ ተማሪዎች ስለ ግባቸው ተጠየቁ። ግባቸውን በጽሑፍ ያሰፈሩት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ሲታይ እነዚያ 3 በመቶዎች የቀሩት 97 በመቶ በአንድ ላይ ካላቸው የበለጠ ሀብት አፍርተው ተገኙ። በአማርኛም በቪዲዮ፣ በመድረክና በሥልጠና አዳራሽ ይህን ያልሰማ ያለ አይመስልም።

ፋስት ካምፓኒ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1996 የታሪኩን ምንጭ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ሲናገሩት የኖሩትን ታዋቂ አሠልጣኞች "ከየት አመጣችሁት?" ብሎ ጠየቀ። አንዱ ወደ ሌላው ጠቆመ። ጥናቱን አውጥቶ ያሳየ ግን አልነበረም። ዬል ዩኒቨርሲቲም እንዲህ ያለ ጥናት እንዳልተደረገ ተናገረ።

ግብን መጻፍ አይጠቅምም ለማለት አይደለም። ይጠቅማል። ጉዳቱ ታሪኩ የሚተወው ስሜት ላይ ነው። ወረቀት ላይ ከሰፈረ ቀሪው በራሱ የሚመጣ ያስመስለዋል። ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ ሰው "ጽፌው ነበር እኮ፤ እንግዲህ ጉድለቱ ከኔ ነው" ብሎ ይደመድማል።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚነገረው "ስማርት" የተባለ የግብ አወጣጥ ቀመርም ተመሳሳይ እጣ ገጥሞታል። ስሙ የተሠራው ከአምስት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ነው። ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ጆርጅ ዶራን ነው፤ የጻፈውም ለድርጅት ኃላፊዎች ነበር። ዛሬ በየሥልጠናው "ኤ" የምትለው ፊደል "ሊደረስበት የሚችል" ተብላ ትተረጎማለች። ዶራን ግን በእሷ ያለው ሌላ ነበር። ሥራው ለማን እንደተሰጠ፣ ማን እንደሚያከናውነው ይታወቅ ማለቱ ነበር። ይህች "ማን" የምትል ጥያቄ በመንገድ ላይ ጠፋች። ለግል እቅድ ግን ቁልፍ ናት፤ እቁብ ላይ ስንደርስ እንመለስባታለን።

"የአዲስ ዓመት እቅድ ሁሉ ከንቱ ነው" የሚለውም ልክ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ኖርክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ለአዲስ ዓመት ውሳኔ ያደረጉ ሰዎችን በስልክ ተከታትለዋል። ከስድስት ወር በኋላ 46 በመቶዎቹ እንደጸኑ ተናግረዋል። ያው ችግር ኖሮባቸው፣ መለወጥም እየፈለጉ፣ ለአዲስ ዓመት ግን ምንም ያልወሰኑት ሰዎች የተሳካላቸው 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቃሉ የራሳቸው ነውና በጥንቃቄ መያዝ ይፈልጋል። ቢሆንም መወሰኑ ራሱ ለውጥ አለው።

መፈለግ ሌላ፣ ማድረግ ሌላ

ተመራማሪዎች በመፈለግና በማድረግ መካከል ያለውን ክፍተት ለብዙ ዓመታት ለክተውታል። ቶማስ ዌብና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 የ47 ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ አይተው ነበር። የሰዎችን ፍላጎት ከመካከለኛ በላይ ከፍ ማድረግ ሲቻል፣ ተግባራቸው ላይ የሚታየው ለውጥ ግን ከመካከለኛ በታች ሆኖ ተገኘ። ፍላጎት ወደ ተግባር ሲሻገር ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ ይፈስሳል እንደ ማለት ነው።

በእንግሊዝ የተደረገ አንድ ሙከራ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ነው። ተማሪዎች በሦስት ተከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን ስለ ስፖርት ምንም አልተነገረም። ሁለተኛው ቡድን ስፖርት ከልብ በሽታ እንዴት እንደሚጠብቅ አነበበ፤ ይህ የእኛን አነቃቂ ንግግር ቦታ የያዘ ነው። ሦስተኛው ያንኑ ካነበበ በኋላ አንዲት ነገር ተጨመረችለት። በመጪው ሳምንት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ቦታ እንደሚሠራ እንዲጽፍ ተደረገ። ከሳምንት በኋላ ስፖርት የሠሩት ከአንደኛው ቡድን 38 በመቶ ነበሩ፤ ከሁለተኛው 35 በመቶ፤ ከሦስተኛው 91 በመቶ።

ሁለተኛው ቡድን ስፖርት የመሥራት ፍላጎቱ ጨምሮ ነበር። ግን ከመጀመሪያው ቡድን የተሻለ አልሠራም።

ምክንያቱን ማንም ከኑሮው ያውቀዋል። የምንወስነው እሑድ ማታ፣ ጠግበንና አርፈን ነው። የምንፈጽመው ግን ማክሰኞ ማታ ነው፤ የታክሲ ሰልፍ አሰልችቶን፣ ስልክ እየጮኸ፣ ቤት እንግዳ እየጠበቀ። የእሑዱ ሰው ለማክሰኞው ሰው ምንም መመሪያ አልተወለትም። "ስፖርት እሠራለሁ" ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የማክሰኞው ሰው ከዜሮ ጀምሮ፣ ደክሞት እያለ፣ እንደገና መወሰን አለበት። በየቀኑ እንደገና የሚወሰን ነገር ደግሞ አንድ ቀን መሸነፉ አይቀርም።

ለዚህ ነው መስከረም 1 የሚያታልለው። ሄንግቸን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት ሰዎች በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ እንዲሁም ከልደት ቀናቸው በኋላ ወደ ጂም የመሄድ ዝንባሌያቸው ይጨምራል። አዲስ ቀን ካለፈው ጥፋት ነጻ ያወጣን ይመስለናል። እኛ ደግሞ መነሻ ሞልቶናል። መስከረም 1 አለ፣ የፈረንጆች ጥር አለ፣ "ከሰኞ ጀምሮ" አለ። መነሻው ለመነሳት ይረዳል። ማክሰኞ ማታን ግን አያውቃትም።

ሁዳዴ ምን አለው?

አሁን ወደ ጾሙ እንመለስ። የሚጾም ሰው ለእምነቱ ብሎ ነው የሚጾመው። ይህን ከክብደት መቀነስ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነውር ነው። ነገር ግን ጾም በአፈጻጸም ረገድ እንዴት እንደተዋቀረ ልብ ብሎ ላየው፣ የዓመት እቅዳችን የጎደለውን ሁሉ ይዞ ይገኛል።

መጀመሪያ፣ ደንቡ አያሻማም። "ሥጋ ቀንስ" አይልም። በሁዳዴ 55ቱንም ቀን፣ በሌላው ጊዜ ረቡዕና ዓርብ ይላል። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም ይላል። መጀመሪያውም መጨረሻውም ቀኑ ይታወቃል። ዓርብ ጠዋት ሰው አልጋው ላይ ሆኖ "ዛሬ ልጹም ወይስ ልተው?" ብሎ ከራሱ ጋር አይከራከርም። ውሳኔው ቀድሞ አልቋል።

ሁለተኛ፣ ዙሪያው አብሮ ይለወጣል። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል ወይ ይቀዘቅዛል። ምግብ ቤቱ በያይነቱ ያወጣል። ኬክ ቤቱ የጾም ኬክ ይጋግራል። ቤት ውስጥ ቅቤው ከዓይን ይርቃል፤ ሽሮው በዘይት ይሠራል። ፈተናው ራሱ ከፊት ዞር ይላል። ሥጋ ቤት ደጃፍ ቆሞ ጥርስ ነክሶ መታገል የሚጠበቅበት ሰው ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፣ ብቻውን አይደለም። እናት ትጾማለች፣ ጎረቤት ይጾማል፣ ቢሮ ውስጥ ምሳ የሚያዝዘው ባልደረባ "የጾም ነው አይደል?" ብሎ ይጠይቃል። በረመዳንም ያው ነው። ሱሁር ላይ የሚቀሰቅስ ሰው አለ፣ ማታ ኢፍጣር ላይ የሚጠብቅ ማዕድ አለ። ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ጽናቱን ከራሱ ኪስ ብቻ አያወጣም።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጾም ሲገደፍ ምን እንደሚደረግ ይታወቃል። ታሞ ወይም ተሳስቶ ረቡዕን የገደፈ ሰው ዓርብን ይጾማል። "እንግዲህ አንዴ ፈርሷል" ብሎ ጾሙን በሙሉ አይተወውም። የዓመት እቅድ ላይ ግን እንዲህ አናደርግም። ሁለት ቀን ስፖርት ያመለጠው ሰው ሦስተኛውን ቀን አይመለስም። ይጨርሰዋል።

"ይህ ሲሆን፣ ያንን አደርጋለሁ"

ከላይ ያየነው የ91 በመቶው ቡድን የተጠቀመበት ዘዴ በሙያው "ኢምፕሊሜንቴሽን ኢንቴንሽን" ይባላል። የአፈጻጸም ቁርጥ ሐሳብ ማለት ነው። ያስተዋወቀው ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ግብን ብቻ ትቶ፣ ግቡን ከአንድ የታወቀ አጋጣሚ ጋር ማሰር። "ይህ ሲሆን፣ ያንን አደርጋለሁ።" አጋጣሚው ሲመጣ አእምሮ እንደገና ሳይመክር ድርጊቱን ያስታውሳል።

ለእኛ ይህ አነጋገር እንግዳ አይደለም። የስለት አነጋገር ነው። ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለ ሰው "ይህ ከሆነልኝ፣ ይህን አስገባለሁ" ነው የሚለው። ሁኔታውም ድርጊቱም ቦታውም ተለይቶ ይታወቃል። ቀኑም ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ነው። ሰው ስለቱን ሳያስገባ መቅረት የሚከብደው እምነቱ ስለሚያስፈራው ብቻ ሳይሆን፣ ምን እንዳለ በደንብ ስለሚያውቅም ይመስለኛል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርገን እንይ። ቢሮ የምትሠራ አንዲት ወጣት "ዘንድሮ ፒችትሪ እማራለሁ" ብላለች እንበል። የሂሳብ ሥራ ላይ ለመግባት ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ይህ ፍላጎት ነው እንጂ እቅድ አይደለም። እንዲህ ብትለውስ? "ማክሰኞና ሐሙስ 11፡30 ላይ ሥራ ሲያልቅ፣ ቦርሳዬን ሳላነሳ፣ እዚያው ወንበሬ ላይ 40 ደቂቃ እለማመዳለሁ። መብራት ከጠፋ ያወረድኩትን ትምህርት በስልኬ አያለሁ። አለቃዬ ካስመሸኝ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እተካዋለሁ።" ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ውስጡ ቀን አለ፣ ሰዓት አለ፣ ቦታ አለ። ከሁሉ በላይ መብራት የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ እንደምትኖር የሚያውቅ እቅድ ነው። ቦርሳዋን ካነሳች ታክሲ ሰልፍ ላይ ናት፤ ቤት ከደረሰች ደግሞ እራት አለ። "ቦርሳዬን ሳላነሳ" የሚለው ቃል እቅዱን የሚያቆመው ምሰሶ ነው።

ዘዴው ተአምር አይሠራም። ሚልክማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሙከራ የአንድ የአሜሪካ ድርጅት ሠራተኞች የጉንፋን ክትባት የሚወስዱበትን ቀንና ሰዓት እንዲጽፉ በደብዳቤ ተጠይቀው ነበር። የተከተቡት ካልተጠየቁት የበለጡት ከመቶ በ4 ሰው ገደማ ብቻ ነው። ጭማሪው አለ፤ ግን ትንሽ ነው። ዘዴው ውጤቱ የሚጎላው ሰውየው ነገሩን ከልቡ ሲፈልገው ነው። ያልፈለጉትን ነገር ሰዓት አይጎትተውም።

ሰዓት ሲመደብ ደግሞ ግምታችን ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ሮጀር ቢውለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቀው ነበር። ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። የወሰደባቸው ወደ 56 ቀን ነው። ስለዚህ "ባለፈው ስንት ፈጀብኝ?" ብሎ መጠየቅ "ዘንድሮ ስንት ይፈጅብኛል?" ከማለት ይሻላል።

እቁብ እንደ ገመድ

ቅዳሜ ማታ ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አባላቱ ተሰብስበዋል። ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ በየስሙ አንጻር ምልክት ያደርጋል። ያልመጣ ካለ ይደወልለታል። ዘግይቶ ያመጣ ይቀጣል። ዳኛው የተጠቀለሉትን ወረቀቶች ያደባልቃል፤ አንዱ ይወጣል። የደረሰው ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ይፈርማል።

እዚህ ውስጥ ያለ ሰው ለመቆጠብ ጠንካራ ጠባይ አያስፈልገውም። ገመዱን ራሱ በገዛ እጁ አስሮታል። ኢኮኖሚስቶች ይህን "ኮሚትመንት ዲቫይስ" ይሉታል። ነገ ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው ዛሬ ላይ ራሱን የሚያስርበት መንገድ ነው። ዶራን የጠየቃት "ማን" እዚህ መልስ አላት። የሚጥለው ይታወቃል፣ የሚመዘግበው ይታወቃል፣ ዋሱ ይታወቃል።

ናቫ አሽራፍ፣ ዲን ካርላንና ዌስሊ ዪን ፊሊፒንስ ውስጥ ሞክረውታል። ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ለአንድ ባንክ ደንበኞች የተለየ ሒሳብ ቀረበላቸው። ደንበኛው ራሱ የመረጠው ቀን ወይም የገንዘብ መጠን ላይ ሳይደርስ ብሩን ማውጣት አይችልም። ተጨማሪ ወለድ የለውም። ይህ ሒሳብ ከቀረበላቸው ሰዎች 28 በመቶዎቹ ተቀበሉት። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ያልተቀበሉትም ተቆጥረው፣ ሒሳቡ የቀረበላቸው ሰዎች ቁጠባ ካልቀረበላቸው ጋር ሲነጻጸር በአማካይ በ81 በመቶ አደገ። ያለ ምንም ትርፍ ብሩን መቆለፉ ብቻ ነው የሠራው።

የመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበርም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ደመወዝ እጅ ሳይገባ ይቆረጣል። "ከተረፈኝ እቆጥባለሁ" ያለ ሰውና "ተቆርጦ የቀረውን እበላለሁ" ያለ ሰው ገቢያቸው አንድ ቢሆንም ዓመቱ መጨረሻ ላይ አንድ አይሆኑም።

ከገንዘብ ውጪ ያለውን ግብ በእቁብ መልክ ማሰር ግን ትንሽ ዘዴ ይጠይቃል። ለመሮጥ የፈለገ ሰው ኅዳር ላይ ለሚደረገው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ከጓደኛው ጋር ሊመዘገብ ይችላል። ቀኑ የተቆረጠ ነው፤ ቲሸርቱ ተከፍሎበታል፤ አብሮ የሚሮጥ ሰው ይጠብቃል። ፈተና ያለው ትምህርት ከሆነ የፈተናውን ክፍያ አስቀድሞ መክፈል ይቻላል። ገመዱ ግን ከአቅም በላይ ሲጠብቅ ይጎዳል። ዕጣው የደረሰው ሰው ቀሪውን መጣል ሲያቅተው ዕዳው ዋሱ ላይ ይወድቃል፤ ወዳጅነትም ይፈርሳል። ስለዚህ ክፉ ወር ሲመጣ እንኳ ሊጣል የሚችል መጠን መምረጥ ያስፈልጋል።

ይነገር ወይስ ይደበቅ?

እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ አለ። አንዱ "ለሰው ተናገር፤ ሐፍረት ያጸናሃል" ይላል። ሌላው "ሳይሆን አይወራም፤ ዓይን ይገባዋል" ይላል። በእኛ ዘንድ ሁለተኛው ይበረታል።

ጥናቱ ሁለቱንም በከፊል ይደግፋል። ጎልዊትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ የሕግ ተማሪዎች ጎበዝ የሕግ ሰው ለመሆን ያላቸውን ሐሳብ ሌላ ሰው ሲያውቅላቸው፣ ከዚያ በኋላ ሥራው ላይ ያዋሉት ጊዜ አነሰ። "ገና ሳልሆን ሆኛለሁ" የሚል እርካታ ቀድሞ ይመጣል። በሌላ በኩል ቤንጃሚን ሃርኪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 የ138 ጥናቶችን ውጤት ሲያዩ፣ ሂደቱን የሚከታተል ሰው ግቡን የመምታት ዕድሉ ከፍ ይላል። ውጤቱን በጽሑፍ ሲይዝ ወይም ለሌላ ሰው ሲያሳውቅ ደግሞ ይበልጥ ይጨምራል።

ሁለቱ አይጣሉም። ልዩነቱ የሚነገረው ነገር ላይ ነው። "ዘንድሮ ነጋዴ ልሆን ነው" ብሎ ለ500 ሰው መለጠፍ ጭብጨባን ቀድሞ መብላት ነው። በየቅዳሜው ለአንድ ወዳጅ "በዚህ ሳምንት ሁለት ቀን ሠራሁ፣ አንድ ቀን አመለጠኝ" ማለት ግን የእቁቡን ጸሐፊ ደብተር ይተካል። ዓይን የሚፈራም ሰው አንድ የሚያምነው ሰው አያጣም።

21 ቀን የሚባለው

"አንድን ነገር 21 ቀን ካደረግኸው ልማድ ይሆናል" ሲባል ይሰማል። ቁጥሩ የመጣው ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ከጻፈው ነው። ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው አስተውሎ ነበር። "ቢያንስ" የምትለው ቃል ተረሳች፤ 21 ብቻ ቀረ።

ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ነገሩን ለክተውታል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። 96 ሰዎች በየቀኑ አንድ ትንሽ ነገር ለማድረግ መረጡ፤ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት። ነገሩ ያለ ማሰብ የሚደረግ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን ነበር፤ መካከለኛው 66 ቀን ነው። ለመስከረም አቃጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። መስከረም 1 የጀመረ ሰው 66ኛው ቀን ኅዳር ላይ ነው የሚውልበት። ጥቅምት ላይ "እስካሁን አልለመደኝም፤ እንግዲህ አልሆነልኝም" ያለ ሰው ከመንገዱ ግማሽ ላይ ነው የተመለሰው። በዚያው ጥናት አንድ ቀን ማለፉ ልማዱን አላፈረሰውም። ረቡዕን ገድፎ ዓርብን የጾመው ሰው ልክ ነበረ።

ተነሳሽነት ታዲያ ከንቱ ነው?

አይደለም። እስካሁን የተባለው ሁሉ ፍላጎት ላለው ሰው ነው። "እንደ እኔ ያለ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም" ብሎ ለሚያምን ሰው ግን ቀንና ሰዓት መቁጠር ገና ነው።

ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አገር አይደለም። ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና አለማየሁ ሥዩም ታፈሰ በኦሮሚያ ዶባ ወረዳ ያደረጉት ሙከራ ነው። የመንደር ነዋሪዎች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ተመለከቱ። ፊልሞቹ ላይ የታዩት ከእነሱ ጋር በሚመሳሰል ገጠር የሚኖሩ፣ በራሳቸው ጥረት ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎች ናቸው። ገንዘብ አልተሰጠም፤ ሥልጠና አልነበረም። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ሰዎች ለወደፊት የሚመኙት ነገር ከፍ ብሎ፣ ቁጠባቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያደርጉት ነገርም ጨምሮ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይም ለውጡ በእርሻቸውና በልጆቻቸው ትምህርት ላይ ይታይ ነበር።

ከአዳራሽ አነቃቂ ንግግር የሚለየው ምንድን ነው? ፊልሙ ላይ ያለው ሰው ቢሊየነር አይደለም። መሬቱ የእነሱን መሬት ያህላል፤ ቋንቋው ቋንቋቸው ነው። ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደከበደው ደረጃ በደረጃ ይናገራል። ከሩቅ ሀብታም ታሪክ ይልቅ ሰፈር ውስጥ ማታ ተምሮ ዲፕሎማ የያዘ ሰው ይበልጥ ያስተምራል።

በእጅ ያለና የሌለ

"ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል" የሚለውን ብሂል አንዳንዱ ከእቅድ ጋር ያጣላዋል። ብሂሉ ግን እውነት አለው፤ የእቅዳችን ግማሽ በእጃችን አይደለም። በ2005 ዓ.ም ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግበው በየወሩ በንግድ ባንክ ሲቆጥቡ የኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ቁጠባው ላይ አልሰነፉም። ቤቱ ግን ለብዙዎቹ ከአሥር ዓመት በኋላም አልደረሰም። እነዚህን ሰዎች "ግባችሁን አልመታችሁም" ማለት ግፍ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም እንዲሁ ሆነ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ላፕቶፕ ለመግዛት ሲቆጥብ የነበረ ሰው ብሩ ሳይጎድል ላፕቶፑ ራቀበት።

ዓረብ አገር የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። "ሁለት ዓመት ሠርቼ ቤት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብለው ይሄዳሉ። ብሩ በየወሩ ይላካል። አገር ቤት ያለው ወንድም ታመመ፣ ሠርግ መጣ፣ ዕዳ ነበረ። ሲመለሱ ቤቱ የለም። እዚህ ላይም የጎደለው ጽናት አይደለም፤ በብሩ ላይ የማዘዝ መብት ነው። አሜሪካ ባሉ የኤል ሳልቫዶር ስደተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ስደተኛው አገሩ ባለው ሒሳብ ላይ ራሱ እንዲያዝበት ሲደረግ ቁጠባው እንደሚጨምር አሳይቷል። ለቤተሰብ የሚላከውንና ለቤት የሚቀመጠውን ከመጀመሪያው በሁለት ሒሳብ መለየት፣ ሁለተኛው በራሷ ስም ብቻ እንዲሆን ማድረግ፣ ከብዙ ምክር ይሻላል።

ግብ መቼ መተው እንዳለበት ማወቅም የዚሁ አካል ነው። ካርስተን ሮሽና ባልደረቦቹ እንዳገኙት፣ የማይደረስበትን ግብ ትተው በምትኩ ሌላ የሚይዙ ሰዎች በአእምሮ ሰላማቸው የተሻሉ ናቸው። መተው ማለት ጥቅምት ላይ ሳይታወቅ መርሳት አይደለም። ቁጭ ብሎ፣ ምን እንደተለወጠ አይቶ፣ መጠኑን ወይም ቀኑን ማስተካከል ነው። እቁብ ለዚህም ቦታ አለው። ዙሩ ሲያልቅ ደብተሩ ይዘጋል። አባላቱ ቡና ጠጥተው መጣያው ይጨመር ወይ ይቀነስ፣ በሳምንት ይሁን በአሥራ አምስት ቀን፣ ማን ይውጣ ማን ይግባ ይባባላሉ። ከዚያ አዲስ ደብተር ይገዛል።